የትንፋሽ ጤዛ

የትንፋሽ ጤዛ (ስም)፦ ከሳንባ የወጣ ትንፋሽ በቀዘቀዘ ቱቦ ሲያልፍ የሚያጠራቅመው፣ ለምርመራ የሚወሰድ ፈሳሽ።

በእንጅባራ ብርዳማ ማለዳ ከሰው አፍ ጭስ የመሰለ ነገር ይወጣል። የትንፋሹ እርጥበት ብርድ አግኝቶት ጥቃቅን ጠብታ ሲሆን ነው። ተመራማሪዎችም ይህንኑ በመሣሪያ ያደርጉታል። ተመርማሪው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በረጋ መንፈስ ይተነፍሳል፤ ቱቦው 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ያህል ያቁራል። ከመቶ 99 እጁ በላይ ውኃ ነው። በቀሪው ውስጥ ግን የሳንባን አየር መተላለፊያ ከሚያረጥበው ፈሳሽ ተፈናጥረው የወጡ ፕሮቲኖች አሉ። ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ በክብደታቸው ይለያቸዋል። ካንሰር ያለበት ሳንባ ከጤነኛው የተለየ የፕሮቲን ምልክት ከተገኘበት፣ በሽታው ሳይሰራጭ ሊደረስበት ይችላል።

ስሙን ስንመርጥ «እንፋሎት» አላልንም፤ እንፋሎት ገና ያልቀዘቀዘው ነው። «ጠለ ትንፋሽ» ግእዛዊ ውበት አለው፤ ጤዛን ግን ገበሬውም ሕፃኑም ያውቀዋል። ፈሳሹ ራሱም ከምራቅ መለየት አለበት፤ ምራቅ ከተቀላቀለበት የራሱ ፕሮቲን የሳንባውን ይሸፍነዋል።

ቃል መለየት ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ነው። እኛ «ሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ቲቢን ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ስንል ደግሞ ካንሰርን። በአንድ ቃል የተጠሩት ሁለቱ በሽታዎች በሳልና በክብደት መቀነስም ይመሳሰላሉ። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እያከሰለ የሚያድር ሰው ደግሞ ሳሉን የጭስ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የሳንባ ካንሰር በጅምሩ እምብዛም አያሳምም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል።

የትንፋሽ ጤዛ የካንሰር ምርመራ ገና በጥናት ላይ ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ውጤቱ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ይለያያል። ዛሬ የተረጋገጠው መንገድ ዝቅተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ብዙ ዘመን ባጨሱ ሰዎች ላይ ከደረት ራጅ ጋር ሲነጻጸር የሳንባ ካንሰር ሞትን በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ስለዚህ በጥርባም ሆነ በዳንግላ ሳሉ 2 ሳምንት ያለፈው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የቲቢ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው «ይህ ቲቢ ነው ወይስ ካንሰር?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለቱን በስማቸው ለይቶ መጠየቅ ዛሬም በእጃችን ነው።