ከባልዲ ወደ ሳሎን፤ የሚላኖ ፕላስቲክ ወንበሮች ታሪክ

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዘመናዊውን ቤት መልክ የለወጠው የጣልያን የፕላስቲክ ዕቃ ሥራ ከአናጢ ቤት አልተወለደም፤ ምንጩ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ነበር። ጁሊዮ ካስቴሊ የተባለው የኬሚካል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1949 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሚላኖ ውስጥ ካርቴል የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም ወንበር የመሥራት ሐሳብ አልነበረውም፤ መጀመሪያ ያወጣው ለመኪና የሚሆኑ ዕቃዎችን ሲሆን፣ ቀጥሎም ወደ ባልዲ፣ ሳፋና ሌሎች የጓዳ ዕቃዎች ተሻገረ። የካስቴሊ መምህር ጁሊዮ ናታ በ1954 ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን፣ ቀላል ሆኖ ሳለ ሲታጠፍ ቶሎ የማይሰበረውን ፕላስቲክ ለምርት በሚሆን ዓይነት በማዘጋጀቱ የሚታወቅና በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራ ሊቅ ነው። በ1955 የጣልያን ዕውቅ የንድፍ ሽልማት የሆነው የወርቅ ኮምፓስ ጂኖ ኮሎምቢኒ ለካርቴል ለነደፈው ባለ ክዳን ባልዲ መሰጠቱ፣ ዘርፉ ገና በጓዳ ሳለ የነበረውን ክብር ያሳያል።

ባልዲው ሳሎን እንዲደርስ ግን የማምረቻው ስልት መብሰል ነበረበት። የፕላስቲክ ፍሬ በሙቀት ቀልጦ፣ በከፍተኛ ግፊት በተዘጋ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል፤ ሲበርድም ማውጫው ተከፍቶ ዕቃው ይወጣል። ማውጫውን መቅረጽ እጅግ ውድ በመሆኑ ወጪው የሚመለሰው አንድ ዓይነት ዕቃ በብዙ ሺሕ ሲመረት ብቻ ነው፤ ዕቃው ሳይጣበቅ እንዲወጣም ጎኖቹ በጥቂቱ ሰያፍ መሆን፣ ውፍረቱም በየቦታው ተቀራራቢ መሆን አለበት። የዘመኑ ዝነኛ ወንበሮች መልክ ብዙ ጊዜ የነዳፊው ምናብ ፍሬ ተደርጎ ይወሳል፤ ይሁን እንጂ በቅርብ ሲታዩ አብዛኛው ውበታቸው ከዚህ ማውጫ ጋር የተደረገ ድርድር ውጤት ነው።

ማርኮ ዛኑሶና ሪቻርድ ሳፐር የነደፉት፣ በ1964 ለገበያ የቀረበው የልጆች ወንበር ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ከፖሊኢቲሊን የተሠራው ይህ ወንበር ለብቻቸው ተመርተው የሚገጠሙ ወፋፍራም ክብ እግሮች ስላሉት ልጆች አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ ሊጫወቱበት ይችሉ ነበር፤ የመቀመጫው ረድፋማ ሸንተረርም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፣ ስስ የሆነውን ፕላስቲክ ያጠነክራል። ጆ ኮሎምቦ በ1965 ነድፎት ከሁለት ዓመት በኋላ ኤቢኤስ ከተባለው ጠንካራና አንጸባራቂ ፕላስቲክ መመረት የጀመረው የአዋቂ ወንበር ደግሞ፣ መደገፊያው ላይ ባለች ቀዳዳ ይታወቃል፤ ቀዳዳዋ ወንበሩን ከማውጫው ለማላቀቅ የምታገለግል ስትሆን፣ ለተጠቃሚው የማንሻ እጀታ ሆነችለት። እግሮቹ እየተፈቱ በሌላ ቁመት ስለሚተኩ፣ ያው መቀመጫ ለልጅም ለአዋቂም ይሆናል።

የካስቴሊ ባለቤት፣ አርክቴክት አና ካስቴሊ ፌሪየሪ፣ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ያወጣቻቸው ኮምፖኒቢሊ የተባሉት ክብ መደርደሪያዎች ያለ ብሎንና ያለ ማጣበቂያ እርስ በእርስ የሚነባበሩ ናቸው፤ በራቸው በሰውነታቸው ዙሪያ ይንሸራተታል፣ ጣት በምታስገባ ክብ ቀዳዳም ይከፈታል። በአልጋ ራስጌም ሆነ በመታጠቢያ ክፍል ያለ ችግር ስለሚገቡ ከዘመኑ ዕቃዎች ሁሉ አስተዋዩ ሥራ ይህ ነው ማለት ያስደፍራል።

ከሚላኖ ውጭ ዴንማርካዊው ቬርነር ፓንቶን ሐሳቡ ከቁሱ የቀደመበት ነዳፊ ነበር። ያለ ኋላ እግር እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቆም ባለ አንድ አካል ወንበር ቢያልምም፣ ቪትራ የተባለው ድርጅት ማምረት የጀመረው በ1967 ነው፤ ከዚያም ቁሱ ደጋግሞ ተለወጠ፣ ወንበሮቹ በጊዜ ብዛት መሰንጠቅ በመጀመራቸውም ምርቱ በ1979 ተቋረጠ። ነዳፊው ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት የተመኘው ርካሽና ጠንካራ ስሪት በፖሊፕሮፒሊን የወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1999 ነው።

የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1972 ለጣልያን የቤት ዕቃ ንድፍ ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ፤ በተከታዩ ዓመት ግን የነዳጅ ዘይት ዋጋ ናረና፣ ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ፕላስቲክ ርካሽነቱንም የተስፋ ምልክትነቱንም አጣ። በዚያው በ1972 ፈረንሳዊው አንሪ ማሶኔ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ከአንድ ማውጫ የሚወጣ ባለ ክንድ ወንበር አቀረበ፤ የዚህ ዘሮች በየአገሩ እየተቀዱ፣ በኢትዮጵያም በዕድር መጋዘንና በሠርግ ድንኳን የሚደረደረው የፕላስቲክ ወንበር ሆኑ። ለሁሉም ሰው የሚደርስ የፋብሪካ ዕቃ የሚለውን የመጀመሪያውን ቃል የፈጸመው ስመ ጥር ነዳፊ ያልተጻፈበት ይህ ወንበር ነው፤ በአንጻሩ ካርቴል በ2002 ከፊሊፕ ስታርክ ጋር ያወጣው፣ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ወንበርን መልክ በብርሃን አሳላፊ ፖሊካርቦኔት የደገመው ሥራ በውድ ዋጋ የሚሸጥ የዲዛይነር ዕቃ ሆነ።

የጥንቶቹ ስሪቶች አሁን የሙዚየም ጠባቂዎች ጭንቀት ናቸው፤ ኤቢኤስ በብርሃን ይወይባል፣ የፖሊዩሬቴን አረፋም እየተፈረፈረ ያልቃል፣ እንደ እንጨት ተልጎ ወይም ተወልውሎ የሚታደስ ገጽም የላቸውም።