የቁስቋም ዳገትና የዛፎቹ ታሪክ

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ቁስቋም የሚባለው ሰፈር ይገኛል። ስሙ የተወሰደው እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት ከደብረ ቁስቋም ነው። ከዚህ ስፍራ ቆሞ ወደ ላይ ለሚመለከት ሰው ዳገቱ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታየዋል። ዛፉም ከጥንት ጀምሮ በዚያ የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባሕር ዛፍ በእንጦጦ እንግዳ ነው፤ ዕድሜውም ወደ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል።

የዚህ ደጋ አገር ባለቤቶች ጥድና ወይራ፥ ዝግባና ኮሶ፥ ወደ ራስጌውም አስታና አምጃ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ባቆሙ ጊዜ፥ ኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጊዜ፥ ለቤት መሥሪያ፥ ለአጥርና ለማገዶ የሚሆነው እንጨት ሁሉ የተቆረጠው ከእነዚሁ ዛፎች ነበር። ጥድና ወይራ ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸውና የሚቆረጠው ከሚበቅለው በለጠ፤ ደኑም ከዓመት ወደ ዓመት ከከተማው እየራቀ ሄደ። በቀድሞ ዘመን እንጨት ሲያልቅ ከተማውን አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ የነገሥታት ልማድ ነበር። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም የሚባል ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር።

አዲስ አበባን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ አስመጪው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። በእንጦጦ የሠለጠነው ነጭ ባሕር ዛፍ የተባለው ወገን ነው። የሠለጠነበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአጣናና ለማገዶ ይደርሳል፥ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፥ በተቆረጠም ጊዜ ከጉቶው ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል። በዚህ የተነሣ ከተማዪቱ በስፍራዋ ጸናች፤ ድኻውም የሚያነደውን አገኘ።

ይሁን እንጂ እንግዳው ያለ ዋጋ አልተቀመጠም። ገና በ1905 ዓ.ም. ገደማ ምንጭና ጕድጓድ ያደርቃል ተብሎ ከተተከለው ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀል ታዝዞ እንደ ነበረ በታሪክ ተጽፏል። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም፤ ሌላ ማገዶ የሌለው ሕዝብ ዛፉን ነቅሎ ምን ያነድዳል? በኋላ ዘመን የመጡ ተመራማሪዎች ነገሩን በሚዛን ማየት ጀመሩ። በ1993 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኢትዮጵያዊው ሊሳነወርቅና ዴንማርካዊው ሚኬልሰን ባሳተሙት ጽሑፍ የሦስት ዓይነት ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈው፥ ውሃውን በጤፍ፥ በሽምብራ፥ በአተርና በበቆሎ ዘር ላይ ፈተኑት። የቅጠሉም ውሃ የብዙዎቹን አዝርዕት መብቀልና የሥር እድገት አዘገየ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ጤፍና ሽምብራ ሆኑ። ስለዚህ ገበሬው በባሕር ዛፍ ጥግ እህል አይሆንም የሚለው ከንቱ አልነበረም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር ግን ከአፈር ውስጥ ተገኘ። ኢትዮጵያዊው የደን ሊቅ ደምል ተክታይ ከስዊድናዊው ግራንስትረም ጋራ የደጋ ደኖችን አፈር ወስዶ በውስጡ ምን ዘር ተቀብሮ እንደሚገኝ መረመረ፤ ውጤቱም በ1995 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታተመ። በአፈሩ የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር እጅግ በዝቶ ተገኘ፤ የታላላቆቹ ዛፎች ዘር ግን ጥቂት ነበር፥ የብዙዎቹም ከቶ አልነበረም። የእነርሱ ዘር እንደ ሣር ዘር ለብዙ ዘመን በመሬት ውስጥ ተኝቶ አይጠብቅም፤ ወይ ፈጥኖ ይበቅላል፥ ወይ ይበሰብሳል። ይህ ማለት ደን አንድ ጊዜ ከጠፋ፥ መሬቱ ቢታጠርና ቢጠበቅ ብቻ ጥዱና ዝግባው በራሱ አይመለስም ማለት ነው። ዘር የሚሰጥ እናት ዛፍ በአቅራቢያው በሕይወት መኖር አለበት፤ ፍሬውን ወስዶ የሚዘራ ወፍም ያስፈልጋል።

እንግዲህ እናቶቹ ዛፎች የት ተረፉ? የሚበዙት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞሮ በደኖቻቸው ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጠረ። በዙሪያው ያለው አገር እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ በቅጥሩ ውስጥ ይህን ያህል መትረፉ፥ አባቶች ቅጠል እንዳይበጠስ አጥብቀው ከመጠበቃቸው የተነሣ ነው። ነገር ግን ጥበቃው ጎዶሎ እንዳለበት ተመራማሪው አሳየ፤ ከብት በሚገባበት ደን ሽማግሌ ዛፎች ቆመው ሳለ ቡቃያ ይጠፋል። ከብት ሲከለከል ግን ቡቃያው ይተርፋል። ተተኪ የሌለው ደን ቆሞ እንደሚሞት ሰው ነውና፥ የድንጋይ ካብ ማጠር ለዛፍ ከመትከል የማያንስ ሥራ ነው።

የቁስቋምን ዳገት ለመመለስ ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ጠርጎ ማጥፋት ይገባልን? የምርመራው መልስ አይገባም የሚል ነው። ፈይራ ሰንበታና ደምል ተክታይ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከባሕር ማዶ በመጡ ዛፎች ጥላ ሥር የአገር በቀል ዛፎች ቡቃያ በርክቶ አገኙ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብርሃን አብዝቶ ስለማይከለክል፥ የዘር እናት በአቅራቢያው ካለችና ከብት ከተከለከለ፥ እንግዳው ለባለአገሩ ሞግዚት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ በድንገት ቢራቆት የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ከተማው ያወርደዋል። የሚሻለው በየክፍሉ እያሳሱ በስፍራው ጥዱን፥ ወይራውንና ኮሶውን መተካት ነው።

የዚህ ዓይነት ሥራ በዚያው በጉለሌ ተጀምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማእከል 705 ሄክታር የሚሆን ስፋት አለው፤ የአገር በቀል ዕፅዋትን ሰብስቦ ይተክላል፥ ይመረምራል፥ ለተማሪዎችም ያሳያል። በተራራው ራስ ላይም የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል።

ሆኖም የዳገቱ ነገር የዛፍ ነገር ብቻ አይደለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ድኻ ሴቶች ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ እየወጡ፥ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፥ ወገባቸውን አጕብጠው ሸክሙን ወደ ገበያ አውርደዋል፤ ልጆቻቸውንም በዚያ አሳድገዋል። የመሬቱን ቅጠል ጠርጎ መውሰድ አፈሩን እንደሚያራቁት እውነት ነው፤ እነርሱ የወሰዱት ግን የዕለት እንጀራቸውን ነው። እንግዲህ ደኑን መልሶ ሴቲቱን ባዶ እጅዋን የሚሰድድ አሳብ ግማሽ አሳብ ነው። በ1905 የወጣው ትእዛዝ ያልተፈጸመው ሕዝቡ ዛፍ ወዳድ ወይም ዛፍ ጠል ስለ ሆነ አልነበረም፤ ምድጃው በምን እንደሚነድ ስላልተነገረው ነው። ጥድ የሚተክል ሰው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ቢመልስ፥ የተከለው ችግኝ ዘር እስኪሰጥ ድረስ የሚጠብቀው ሰው አያጣም።