ከዚንክ ቅርጽ እስከ ኮምፒዩተር፦ የቅስት ኮርኒስ ጌጥ አሠራር ታሪክ

ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበትን ጠርዝ ወጣ ገባ ባለ የልስን ጌጥ መክበብ በሮማውያን ዘመን የራሱ ደንብ የነበረው ሙያ ነው። የሮማው የሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪየስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ሥራ ሰባተኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ የቅስት ኮርኒስ አሠራርን ከእንጨት ምርጫው ጀምሮ ያስረዳል። ከሳይፕረስ ዛፍ የተዘጋጁ ቀጫጭን እንጨቶች ቅስቱን ተከትለው ከሁለት ጫማ በማይበልጥ ርቀት ይደረደራሉ፤ በእነርሱ ላይ የተቀጠቀጠ ሸምበቆ በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያም ልስኑ በየተራው ይመታል። ስለ ዙሪያ ጌጡ የሰጠው ምክር ይበልጥ የሚደነቅ ነው። ጌጡ ከከበደ በራሱ ክብደት ስለሚወድቅ ቀጭን ይሁን ይላል፤ ጀሶ ከሌላው ቀድሞ ስለሚጠነክርና ሥራው እኩል እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ አይቀላቀልበት፣ በተፈጨ እብነ በረድ ብቻ ይሠራ ይላል፤ እሳት ወይም ብዙ መብራት በሚነድበት ክፍል ውስጥም ጥላሸቱ በቀላሉ እንዲጠረግ ጌጡ ለስላሳ እንዲሆን ያዝዛል። ውበትን ከክብደት፣ ከአደራረቅና ከጽዳት ጋር አንድ ላይ ማሰብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሙያው መለያ ነበር።

ይህ ጥበብ በአውሮፓ ለብዙ ዘመናት ከተዳከመ በኋላ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሠዓሊው የሩፋኤል ተባባሪ የነበረው ጆቫኒ ዳ ኡዲኔ ከመሬት በታች በተገኙት የኔሮ ቤተ መንግሥት ክፍሎች ያየውን ነጭ ልስን በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት መልሶ ሠራው። ከዚያ በኋላ ጥበቡ ከጣሊያን ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፋ።

የሙያው እምብርት ግን አንድ መሣሪያ ነው። ሠራተኛው በመጀመሪያ የጌጡን ቁርጥ ቅርጽ፣ ማለትም ጌጡ እንደ ዳቦ ቢቆረጥ ፊቱ ላይ የሚታየውን መስመር፣ በቀጭን የዚንክ ሉህ ላይ ገልብጦ ይቆርጣል፤ ሉሁን በእንጨት ደጋፊ ላይ ይቸነክረዋል፤ ከዚያም በግድግዳው ላይ በተመታ ቀጥ ያለ ጣውላ እየተመራ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። እርጥብ ጀሶ በጠርዙ ላይ ይጣልና መሣሪያው ደጋግሞ ሲያልፍበት ትርፉ እየተፋቀ ጌጡ ቀስ በቀስ ይወጣል። ጀሶ ሲጠነክር በመጠኑ ስለሚያብጥ መሣሪያው እንዳይጣበቅ፣ መጀመሪያ ከትክክለኛው ቅርጽ ትንሽ ያነሰ እምብርት በሌላ ቅርጽ ይጎተታል፤ የመጨረሻው ስስ ልስን ከላዩ ይመጣል። መሣሪያው ሊደርስባቸው የማይችላቸው የክፍሉ ማዕዘኖች በእጅ ይሞላሉ፤ የሠራተኛውም ብቃት በዋናነት የሚለካው እዚያ ላይ ነበር።

ኮርኒሱ ቅስት ሲሆን ቀጥ ያለው መምሪያ ጣውላ አይሠራም። ጌጡ የክብ አካል በሆነ ቅስት ላይ የሚሄድ ከሆነ መሣሪያው በክቡ መካከል ላይ ከተተከለ ምሰሶ ጋር በረጅም ዘንግ ይያያዝና ይዞራል። በጉልላት ላይ ወደ ጫፍ የሚወጣ ጌጥ ግን እየጠበበ መሄድ ስላለበት አንድ የማይለወጥ ቅርጽ አይበቃውም፤ ለዚህ ሲባል መካከሉ በማጠፊያ የተያያዘ ቅርጽ ተበጀ፤ ሁለት ወደ አንድ ነጥብ የሚቀራረቡ መምሪያዎች ክንፎቹን እያጠፉ ሲያጠቡት የጌጡ ስፋት ይቀንሳል። በ1760ዎቹ መጨረሻ ላይ አርክቴክቱ ሮበርት አዳም ዛሬ ለንደን ውስጥ በሚገኘው የኬንዉድ ቤት የሠራው ቤተ መጻሕፍት፣ ርዝመቱን የሚከተል ቅስት ኮርኒስና በሁለቱ ጫፎች ግማሽ ጉልላት ስላለው፣ እነዚህን ችግሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ያሳያል፤ የልስኑ ሥራም የጆሴፍ ሮዝ ነው። ከዚህ ሥራ የተማረ ሰው ቅስትን ከጌጥ ጋር ለማስማማት የእጅ ችሎታ ብቻ እንደማይበቃ፣ ጂኦሜትሪም እንደሚያስፈልግ ይገነዘባል። ፒተር ኒኮልሰን በ1792 ያሳተመው የአናጢዎች መመሪያ የቅስትና የጉልላት መስመሮችን በወረቀት ላይ አስቀድሞ ማውጣትን ያስተማረው ለዚሁ ነው፤ ዊልያም ሚላርም በ1897 ባወጣው ሰፊ መጽሐፍ የልስን ሠራተኞችን ዕውቀት ሰብስቦ አቆይቷል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ልስን የመጨመር ጥበብ ነው። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግን ቅስቱም በቅስቱ ላይ ያለው ቅርጽም ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ ስለሆኑ የሚጎተትም የሚለጠፍም ነገር የለም፤ ጠራቢው ከመነሻው ጌጡን የሚያወጣው ድንጋዩን በመቀነስ ነው። በመጨመርና በመቀነስ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት መያዝ ይገባል፤ የኮምፒዩተሩ አሠራር የልስን ሠራተኛውን ወገን ይዟልና።

ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በስክሪን ላይ መሳል እንደሚቻል ካሳየ በኋላ፣ በኋለኞቹ የቤት ንድፍ ፕሮግራሞች ጌጥ የሚሠራበት መንገድ የዚንኩን ቅርጽ መጎተት ሆኖ ተገኘ፤ ተጠቃሚው ቁርጥ ቅርጹን ይስላል፣ የሚሄድበትን መስመር ይመርጣል፣ ፕሮግራሙ ቅርጹን በመስመሩ ላይ ያስኬደዋል። በ2000 የወጣው ስኬችአፕ የተባለ ፕሮግራም ይህን በአንድ መሣሪያ ያከናውናል፤ ይሁንና ቅስትን የሚያየው እንደ አጫጭር ቀጥተኛ መስመሮች ሰንሰለት ሲሆን፣ ተጠቃሚው ካልለወጠው አንድ ቅስት 12 ክፍል ብቻ አለው፤ ስለዚህ በትልቅ ኮርኒስ ላይ ጌጡ የተሰባበረ ይመስላል። ከዚህ የሚከብደው ግን መስመሩ በአንድ ጊዜ ወደ ጎንም ወደ ላይም ሲታጠፍ፣ ለምሳሌ የተጠማዘዘ ግድግዳ ቅስት ኮርኒስን በሚነካበት ጠርዝ ላይ፣ ቅርጹ በየነጥቡ ወዴት ማዘንበል እንዳለበት መወሰኑ ነው። የሒሳብ ሊቃውንቱ ፍረኔ በ1847፣ ሴሬም በ1851 ያቀረቡት የሒሳብ ቀመር የመስመሩን ጥምዝ ተከትሎ አቅጣጫ ይሰጣል፤ መስመሩ ቀጥ ሲል ግን ቀመሩ መልስ የለውም፤ ጥምዙ ወደ ሌላ ጎን ሲገለበጥም ቅርጹ በድንገት ይዞራል። ሪቻርድ ቢሾፕ በ1975 መጠምዘዝን የሚቀንስ ሌላ አማራጭ አሳየ።

የልስን ሠራተኛው ይህን ጥያቄ የመለሰው መሣሪያውን በግድግዳውና በኮርኒሱ ላይ በአንድ ጊዜ በማስደገፍ ነበር፤ ቅርጹ የሚያዘነብለው ሁለቱ ገጾች በሚያዙት መጠን ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ግን መስመሩን ብቻ አይተው ገጾቹን ይረሳሉ፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ቢሾፕ ያሳየው ቀመርም ቢሆን መጠምዘዙን እንጂ ጌጡ ከገጾቹ መለያየቱን አያስቀርም። ንድፍ አውጪው ገጾቹን ራሱ መሳል፣ የቅስቱን ክፍሎች ማብዛትና ቅርጹን በየቦታው መፈተሽ ይኖርበታል። ከስክሪኑ ውጭ፣ ጌጡ በሚሠራበት ቦታም ሌላ ችግር አለ። ሌዮናር ዴሳሺ በ1856 በእንግሊዝ የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ጀሶን በሸራ አጠናክሮ በሻጋታ የማውጣት ዘዴ ከተስፋፋ ወዲህ ብዙው ጌጥ ተዘጋጅቶ የሚለጠፍ ሆኗል፤ በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታየው የጂፕሰም (የጀሶ) ጌጥም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። ቀጥ ብሎ የደረቀ የጂፕሰም ጌጥ ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ በስክሪን ላይ ቅስት ኮርኒስ የሚነድፉ ባለሙያዎች ሥዕሉ ከመጽደቁ በፊት ከጂፕሰም ሠራተኛው ጋር ሊመክሩበት፣ የንድፍ ትምህርት ቤቶችም የዚንኩን ቅርጽ አጎታተት ከፕሮግራሙ አስቀድመው ሊያስተምሩ ይገባል።