ለጥርስ ማን ይክፈል? ከወጌሻው ጉጠት እስከ ጤና መድን

ዱከም በአዲስ አበባ ሰው ዘንድ ስሟ የሚነሣው በሥጋ ነው። ከመዲናዋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ዳር የተደረደሩት ሥጋ ቤቶቿ በሰንበት የሚሞሉት ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጠ፣ በአዋዜና በሚጥሚጣ እያጠቀሰ ሊበላ በሚመጣ እንግዳ ነው። ይህ ሁሉ ደስታ በመንጋጋ ላይ የቆመ መሆኑን ግን በልቶ የሚሄደው አያስበውም፤ ጥርስ እስኪያመው ድረስ ሰው የማያስታውሰው አካል ነው። ከሥጋ ቤቶቹ ባሻገር ሌላ ዱከም አለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተተከለ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የቻይናው ጫማ አምራች ሁዋጂያን ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ በወር ደመወዝ የሚኖሩ፣ ቤት ተጋርተው የሚከራዩ ወጣቶች ከተማ ሆናለች። ከእነዚህ ወጣቶች አንዷ መንጋጋዋ ሌሊቱን ሲጠዘጥዛት ቢያድር በማግስቱ የሚከፍልላት ማነው? ራሷ ናት። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ ድህነት ነው፦ አገሪቱ ደኻ ናት፣ መድኑም ደኻ ነው፣ ጥርስ ደግሞ ቅንጦት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መካድ አይቻልም። ሦስተኛው ግን ከገንዘብ ሳይሆን ከልማድ የወረስነው ሐሳብ ነው። በእኛ ታሪክ ጥርስ ወይ ጌጥ ነው፣ ወይ ሕመም፤ ሳይበላሽ የሚጠበቅ፣ ሲበላሽ የሚጠገን አካል ሆኖ የተቆጠረበት ጊዜ እምብዛም የለም። የመድን ሕጎቻችንም ይህንኑ አመዳደብ ሳይመረምሩ ወደ አንቀጽ ገለበጡት።

ጥንት የአፍ ንጽሕና ወጪ አልነበረውም። የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ ጭራሮ ተቆርጦ፣ ጫፉ ታኝኮ መፋቂያ ይሆናል፤ ዛሬም በየከተማው መንገድ ዳር እየተሸጠ ከጥርስ ሳሙና ጋር ይፎካከራል። ወጪው የሚጀምረው ሕመሙ ሲጀምር ነበር። ጥርስን የሚበላው ትል ነው ተብሎ ስለሚታመን ትሉን ለማስወጣት የእምቧይ ፍሬ ጭስ ይታጠናል፤ ሕመሙን ለማደንዘዝ ቅርንፉድ ይነከሳል፣ የምድር በርበሬ ይታኘካል። ይህ ሁሉ ሳይረዳ ሲቀር የሚቀረው ወጌሻው ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ የወለቀ ይመልሳል፤ ጥርስ ላይ ሲደርስ ግን ጥገና የሚባል ነገር የለውም፣ በጉጠት ይነቅላል። ይህን ለነቀፋ አላነሣሁትም፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ገጠር ጥርስ ነቃይም ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረውም። ልብ ሊባል የሚገባው የክፍያው ሥርዓት ነው። ዋጋው በእህል ይሁን በዶሮ ወይም በገንዘብ፣ የሚከፈለው ጥርሱን ላስወገደ ሰው ነበር። ጥርሱን ላቆየ ሰው የተከፈለበት ልማድ ግን አናገኝም። የወተት ጥርስ ማስነቀል የሚባለው ጎጂ ልማድ ደግሞ ነገሩን እስከ ጫፍ ያደርሰዋል። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ጥፋቱ ገና ድዱን ያልበሳው የውሻ ክራንቻው ነው ተብሎ፣ ድዱ ተፈልፍሎ የጥርሱ እምቡጥ ይወጣል። መዘዙ መድማት፣ መመርቀዝና በኋላ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስ መበላሸት ነው። እንግዲህ ድኻ ወላጅ ለጥርስ የሚከፍለው የለውም የሚለው አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። የሚከፈልበት ነገር መንቀል ሆነ እንጂ መክፈሉስ ነበረ።

በሌላ ወገን ለጥርስ ውበት የሚወጣ ገንዘብ ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ጥቁር ድድ ነጩን ጥርስ ያጎላዋል፣ ድድንም ከበሽታ ይጠብቃል ይባል ነበርና። ከተሜነት ሲስፋፋ ደግሞ የወርቅ ጥርስ መጣ፤ ብዙ ጊዜ ጤነኛ የፊት ጥርስ ላይ የሚለበጥ የሀብት ምልክት ነው። በዚህ አሠራር አፍ ለሁለት ተከፈለ። ፊተኛው ጥርስ ለሚያይ ሰው ነው፣ ገንዘብም ደስ ተብሎ ይወጣበታል። መንጋጋው ለባለቤቱ ብቻ ነው፣ እስኪነቀል ድረስ ጥርስ ተነክሶ ይቻላል። በኋላ ዘመን ሕግ አውጪዎች ሰው ሠራሽ ጥርስን ከውበት ቀዶ ሕክምና ጎን ሲያስቀምጡት ይህን አዲስ አልፈጠሩትም፤ ሰው ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነበረ።

ልማዱ እንዲሁ እንዳለ አፍ የሚገባው ነገር ተለወጠ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዱከም በኩል አልፎ ነው፤ የባሕር ማዶ ሸቀጥም በርካሽ መግባት የጀመረው በዚያው ሐዲድ ነው። ቁልቁል በዚሁ አቅጣጫ፣ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ ይመረት ጀመር። ከዚያ በፊት ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፣ ማርም ዘወትር የሚገኝ አልነበረም። ስኳር የገባበት ሻይ የቁርስ ማባያ፣ ለስላሳ መጠጥ የእንግዳ ክብር ሲሆን ጥርስን የሚቦረቡረው አሲድ በቀን ብዙ ጊዜ የሚፈጠር ሆነ፤ አሲዱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ስኳርን ነውና። ስለዚህ «አያቶቻችን በመፋቂያ ብቻ ሙሉ ጥርስ ይዘው አርጅተዋል፣ ክሊኒክ ምን ያደርጋል?» ለሚለው ክርክር መልሱ ቀላል ነው። መፋቂያው ያው ነው፣ ሻዩ ግን ያው አይደለም። ወንጂ ሌላም ማስረጃ ትሰጣለች። እሷ ባለችበት ስምጥ ሸለቆ በብዙ የውኃ ጉድጓዶች ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን ያልፋል። እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ብዙ ዘመን በጠጡት ላይ ችግሩ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የበለዘን ጥርስ ፍቀው ቢውሉ አይነጣም። መዳኛው የውኃ ቧንቧው ላይ ነው፣ ውኃ ደግሞ የግለሰብ ኪስ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ዘመናዊው ሕክምና ይህን አመዳደብ ሊያፈርስ ይችል ነበር፣ አላፈረሰውም። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ ቀጥሎም ምኒልክ ሆስፒታል ሥራቸው ቁስል፣ ቂጥኝና ፈንጣጣ ነበር፤ መሆንም ያለበት እሱ ነው። የጥርስ ሐኪም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ውጭ አገር ተምሮ የሚመጣ፣ ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ባለሙያ ሆኖ ቆየ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ ለግሉ ዘርፍ በሩን ሲከፍት የጥርስ ክሊኒክ ሰሌዳ በየከተማው ተሰቀለ። እዚህ ላይ ግን ሒሳቡ ከወጌሻው ሒሳብ ብዙም አልራቀም። መንቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። የጥርስን ነርቭ ሥር አጽድቶ መሙላት ግን መመላለስ ይጠይቃል፤ ራጅ አለበት፣ በላዩ ክዳን ይጨመርበታል። ከዱከም ለሚሄድ ሰው ደግሞ የትራንስፖርቱና ከሥራ የሚቀርበት ቀን አለ። በሽፍት የምትሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ሁለቱን ዋጋዎች አስተያይታ «ይነቀልልኝ» ብትል ሞኝነት አይደለም። ባላት ምርጫ ውስጥ ትክክለኛውን ነው ያደረገችው። የሚያስወቅሰው ምርጫው የተሠራበት መንገድ ነው።

የጋራ ገንዘብስ የት ነበረ? እድር በከተሞቻችን ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው፤ ዋና ተግባሩ ግን ቀብርና ሐዘን ነው። እቁብ ለአንድ ትልቅ ወጪ ያገለግላል፣ ተራው እስኪደርስ ግን ጥርስ አይጠብቅም። መንግሥት ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን የተባለው ሥርዓት ከደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው ሌላ 3 በመቶ ሰብስቦ እንዲያሳክም ታሰበ፤ ተግባራዊነቱ ግን ለዓመታት ሲራዘም ቆየ። ጎን ለጎን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተስፋፍቶ ሚሊዮኖችን አቅፏል። እሱ የተዘጋጀው ግን ለገበሬውና ቋሚ ቅጥር ለሌለው ከተሜ ነው። የዱከም ፋብሪካ ሠራተኛ በሁለቱ መካከል ወደቀች። ደመወዝተኛ በመሆኗ ከማኅበረሰብ አቀፉ ውጭ ናት፤ የደመወዝተኛው መድን ደግሞ አልደረሰላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን የሚያስገድደው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ መንጋጋ የተበላሸበት ሰው ያንን ማስረዳት አይችልም። ሽሮ ቸርቻሪ ጎረቤቷ በአንጻሩ የመድን ደብተር ሊኖራት ይችላል። እሷም ብትሆን ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደ መነጽር ሁሉ ከሽፋን ውጭ ነው። ሙሌት በስም ባይከለከልም ብዙ ጤና ጣቢያዎች የጥርስ ክፍል ስለሌላቸው መብቱ ደብተሩ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሣል። ወላዶች በሚሞቱበት፣ የኩላሊት እጥበት ሰውን ቤት በሚያሸጥበት አገር ጥርስ ይቆይ፤ ሰው በጥርስ አይሞትም። የመጨረሻው አባባል በሕክምና ዓይን ስሕተት ነው። ከበሰበሰ መንጋጋ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ሲወርድ የመተንፈሻ ቧንቧን ዘግቶ ሊገድል ይችላል። ያ ታማሚ ሆስፒታል ሲተኛ መድኑ ይከፍላል፤ አልጋውም፣ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒትም ተሸፍኗል። በጊዜ ቢሞላ ኖሮ ከዚህ ሁሉ ጥቂቱን ባልፈጀ ነበር። ርካሹን ትቶ ውዱን የሚከፍል መድን ቆጣቢ ሊባል አይችልም።

ገንዘብ አለቀ ሲባል ከምን ላይ እንደሚቀነስ የእንግሊዝ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸው ሲጀመር ጥርስ ሙሉ በሙሉ በነጻ ነበር። ፈላጊው ከተገመተው በላይ ጎረፈ፣ በጀቱም ተናጋ። እ.ኤ.አ. በ1951 መንግሥት በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ሲጥል ሥርዓቱን ያቋቋመው አኒዩሪን ቤቫን ተቃውሞ ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። በዓመቱ በሕክምናውም ላይ ክፍያ ተጨመረ። የጥርስ ምርመራ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በነጻ ቀጠለ። አንድ ሀብታም መንግሥት ሁሉንም መሸፈን እንዳቃተው መካድ የለበትም፤ «አይቻልም» የሚሉት ወገኖች እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ያ መንግሥት ሲጨንቀው መጀመሪያ ዋጋ የጣለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ነው፣ መጨረሻ ድረስ ያቆየው ደግሞ ምርመራውን። እኛ ውዱን በማስቀረት አልተሳሳትንም። ስሕተታችን ርካሹንም አብረን ማስቀረታችን ነው።

ርካሹ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ በታንዛኒያ የተጀመረ ዘዴ አለ፤ የተበላሸው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ተፍቆ ይወጣና ቀዳዳው በሚጣበቅ መሙያ ይዘጋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መሰርሰሪያም አይፈልግም፣ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም። መሙያው ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይህን ሥራ የሠለጠነ መካከለኛ ባለሙያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል። የመድኑን የጥቅማ ጥቅም ዝርዝር የሚያረቅቁ ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርሱን፣ ክዳኑንና ወርቁን ለባለገንዘብ ይተዉት። ምርመራውንና ይህን ሙሌት ግን በጤና ጣቢያ ደረጃ ያስገቡ፤ የደመወዝተኛው መድን ሲጀመርም የዱከም ፋብሪካዎች ሠራተኞች ከመጀመሪያው ወር መዋጮ ጀምሮ ይህን ያግኙ።