ድንክ ፍጡራን (በአሕዛብ አፈ ታሪክ)

ድንክ ፍጡራን፦ በየብስና በውቅያኖስ የተራራቁ አሕዛብ፣ ቁመታቸው ከሰው ልጅ እጅግ ያነሰ፣ በስውር የሚኖሩና በሌሊት የሚሠሩ ናቸው እያሉ የሚተርኩላቸው ፍጡራን።

በሐዋይ ሜኔሁኔ የተባሉት፣ በካዋይ ደሴት የሚገኘውን የአሌኮኮን የዓሣ ኩሬ ግድብ በአንዲት ሌሊት ሲገነቡ የሰው ዓይን ስላያቸው ሥራውን ሳይፈጽሙ እንደ ተዉት ይነገራል። በስኮትላንድ ብራውኒ የሚባለው፣ ቤተ ሰቡ ተኝቶ ሳለ የቤቱን ሥራ ሲያከናውን ይኖርና፣ ልብስ በተሰጠው ጊዜ ቤቱን ለዘለዓለም ጥሎ ይሄዳል። በሰሜን ጃፓን የሚኖሩት አይኑዎችም፣ ኮሮፖክሩ የተባሉት ጎረቤቶቻቸው በሌሊት ስጦታ ያመጡላቸው እንደ ነበርና፣ መልካቸውን ለማየት የጓጓ አንድ ጎልማሳ ከእነርሱ አንዲቱን በግድ ስቦ ባስገባት ጊዜ ተቆጥተው አገሩን እንደ ለቀቁ ይተርካሉ።

ትረካዎቹ የሚስማሙበት ፍሬ ነገር፣ በስውር የሚሰጥ በረከት ጸንቶ የሚኖረው የሰጪው ፈቃድና ሥርዓት በተከበረ መጠን ብቻ መሆኑ ነው።