ሁሉም እያወቀ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው የአሜሪካ ሐኪም ለሚሞት በሽተኛ እውነቱን አይነግርም ነበር። ዶክተሩ ያውቃል፣ ነርሷ ታውቃለች፣ ቤተሰብ ያውቃል፤ ባለጉዳዩ ብቻ አይነገረውም። እኛም ዘንድ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ባርኒ ግሌዘርና አንሰልም ስትራውስ የተባሉ ሶሲዮሎጂስቶች ይህን ለማጥናት በሳን ፍራንሲስኮና አካባቢዋ ወዳሉ ስድስት ሆስፒታሎች ገቡ። የሰበሰቡት ግን ቁጥር አልነበረም። የነርስ ሹክሹክታ፣ የበሽተኛ ዝምታ፣ ሰው ሲገባ የሚቋረጥ ወሬ እንዴት ይተነተናል?

በጊዜው የተለመደው ንድፈ ሐሳብ ከመጽሐፍ ወስዶ መስክ ላይ መፈተን ነበር። እነሱ ገለበጡት፦ ሐሳቡ ራሱ ከመረጃው ይውጣ አሉ። ማስታወሻቸውን በጥቂት በጥቂቱ እያነበቡ «እዚህ ጋ ምን እየሆነ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለመልሱም ስም ይሰጡታል። ይህ ስም ኮድ ይባላል። እኛ ፕሮግራመሮች ከምንጽፈው ኮድ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም። አዲስ ገጠመኝ ሲመጣ ከቀድሞዎቹ ጋር ያነጻጽሩታል፤ አልገጥም ካለ የሚታረመው ስያሜው ነው። ቀጥሎ የት ሄደው ማንን እንደሚያዩ የሚወስነውም እስካሁን ያገኙት ነው። አዲስ ነገር መምጣቱን ሲያቆም እነሱም ያቆማሉ።

በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ አራት ሁኔታዎችን ለዩ፦ በሽተኛው ጭራሽ የማያውቅበት፣ የሚጠረጥርበት፣ ሁሉም እያወቀ ሁሉም እንዳላወቀ የሚሆንበት፣ በግልጽ የሚነጋገሩበት። በ1967 ደግሞ ዘዴውን ራሱን መጽሐፍ አደረጉት።

ያኔ ሥራው በመቀስና በፋይል ነበር፤ ወረቀት ቆርጦ መደርደር። በ1981 በሜልቦርን ላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ ቶም ሪቻርድስ ለሶሲዮሎጂስት ሚስቱ ለሊን አንድ ሶፍትዌር መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ብዙ ተመራማሪ የሚጠቀምበት ኤንቪቮ የዚያ ልጅ ነው። ሶፍትዌሩ ይደረድራል፣ ይፈልጋል፤ ትርጉሙን ግን ለሰው ይተዋል።

አሁን ያንንም ለማሽን እንስጠው እያልን ነው። መቶ ቃለ መጠይቅ አስገብተህ በደቂቃ ኮድ ማስወጣት ይቻላል። እስቲ አራቱን ሁኔታዎች መልሰህ እያቸው። የማያውቀው በሽተኛ «ደህና ነኝ፣ በቅርቡ እወጣለሁ» ይላል። እያወቀ ያላወቀ የሚመስለውም እንደዚያው ይላል። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ሰውዬው ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩን የሚጽፈው ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። እሱ ካልጻፈው ማሽኑም አያገኘው።