ከተማዋን የሠራው እግር

የአዲስ አበባን ካርታ ከአስፋልቱ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ከተማዋ ግራ ታጋባዋለች። ስለዚህ እኛ ከእግር መንገዱ እንጀምር። እሷም የጀመረችው ከዚያው ነው።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን «አዲስ አበባ» ሲሉት ማስተር ፕላን የሚባል ነገር አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ አንድ ኮረብታ ላይ ተቀመጠ። ራሱም ደጃዝማቹም በየፊናው ቦታ ተመራ። ጭፍራው፣ አሽከሩ፣ ባለሙያው በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል አለ። ቤተ ክርስቲያን ሊስም፣ ግብር ሊገባ፣ አራዳ ገበያ ሊሄድ የተነሣ ሰው ዳገቱ በሚቀልለት በኩል ጠምዘዝ ብሎ ያልፋል፤ በቅሎውም ይከተለዋል። ያ መስመር ውሎ አድሮ መንገድ ሆነ። በአሮጌ ሰፈሮች ውስጥ ያለ ምክንያት የሚጠማዘዝ ቅያስ ስታዩ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያ ዳገት ነው።

አፄ ምኒልክ ዘመናዊ መንገድ ይወዱ ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጉድ ሲልለት ኖሯል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና ገባ። ቢሆንም መኪናው ለረጅም ጊዜ የጥቂቶች ጌጥ ነበርና እግረኛው ከመንገዱ ዞር እንዲል የሚያዘው አልነበረም፤ ጌታ በበቅሎ ካላለፈ በስተቀር።

ዞር በል የሚል ፕላን የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ማንም ሳይጠይቀው ለአዲስ አበባ ንድፍ ሠራ፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ በመሐል ቀጥ ያለ ጎዳና የሚዘረጋ ንድፍ። አልተቀበሉትም። የተቀበሉት የጉዊዲንና የቫሌን ፕላን ነው፤ እሱም ነጩን በአንድ በኩል፣ «ተወላጁን» በሌላ በኩል ለማስፈር የታሰበ ነበር። ጦርነቱ ብዙውን በወረቀት ላይ አስቀረው። አንድ ነገር ግን ሆነ፤ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። መርካቶን የምናውቀው እንዲህ ነው። ሰው ገበያው የተወሰደበትን ያህል ርቀት በእግሩ ጨመረ።

ከነፃነት በኋላም ፕላን አውጪው ከውጭ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1944 ለታላቋ ለንደን ፕላን ያወጣው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1956 ለእኛም ቀለበቶችና ከመሐል ወደ ዳር የሚወጡ ጎዳናዎች ሣለልን። ፈረንሳዊው ደ ማሪያን በ1965 ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሀር ያለውን ቁልቁለት የከተማዋ አከርካሪ አደረገው። ቸርችል ጎዳናን የማይወድ ካለ ወደ ላይ ሲወጣው ነው እንጂ ከላይ ሆኖ ሲያየው አይደለም። (በዚያው በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሜልቦርን ላይ ስትሰለፍ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። «የእኛ አገር ዳገት ለብስክሌት አይመችም» ለሚሉ ወዳጆቻችን ማስታወሻ ይሁን።)

ቀለበቱ እውን የሆነው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቻይና ኩባንያ የሠራውን ቀለበት መንገድ ከተማው ሁሉ በኩራት ተቀበለው፤ ለባለመኪናም በእርግጥ እፎይታ ነበር። እግረኛው ግን አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ በሰፈሩና በገበያው መካከል ኮንክሪት ቆሞ አገኘ። ተሻገር የተባለው በድልድይ ነው። ድልድዩና ድልድዩ ይራራቃሉ፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። አሮጊቷ፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ማዳበሪያ የተሸከመው ልጅ፣ ለበዓል በግ የሚነዳው ነጋዴ እንዴት ይውጡት? ሰዉ ግንቡን ዘለለ። «ሕዝቡ ሥልጣኔ አልገባውም» ተባለ። እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ የዘለለው ሰው አያቱ በምኒልክ ዘመን ያደረጉትን ነው ያደረገው፤ አጭሩን መንገድ ፈለገ። የእግረኛ የሚባለው ድልድይ በዋናነት ያገለገለው እንዳይቆም የተፈለገውን መኪና ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ያንኑ አጥር ደገመው።

ዋጋው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ በዓመት ከ400 በላይ ሰው ይሞት ነበር፤ አብዛኞቹ እግረኞች። ያኔ ከከተማዋ ጉዞ 54 በመቶ ያህሉ በእግር የሚደረግ እንደሆነ የትራንስፖርት ጥናቶች ይናገሩ ነበር። ገንዘቡ ግን ለብዙ ዓመት የፈሰሰው ለጎማ ነው።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። «መንገድ ለሰው» በተባለው እሑድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘጉ፤ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምራ የምታደርገው ዓይነት። ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ጠለዙ። በዚያው ሰሞን የወጣው የአሥር ዓመት ስትራቴጂ 600 ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድና 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር አለመ። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት መጣ፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት። በከተማዋ ታሪክ ለእግር ይህን ያህል ቦታ የለቀቀ ሥራ አናውቅም። ክፍት ቱቦ እየዘለልን ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ወጥተን ተራምደንበታል፣ ደስ ብሎናል።

ግን መንገዱ የሰፋው ቤት ፈርሶ ነው። ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡት ሰዎች ሥራቸው፣ ዕቁባቸው፣ ዕድራቸው በእግር የሚደረስበት ነበር፤ የከተማዋ የቆዩ እግረኞች እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ወደ ዳርቻ ሄደዋል። ስለዚህ የአዲሱን መንገድ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰው ሁለት ነገር አብሮ ይቁጠርልን፦ አሮጊቷ ደረጃ ሳትወጣ የምትሻገርበት ዜብራ ስንት ነው? የተነሣው ሰው ከአዲሱ ቤቱ በእግሩ የሚደርስበት ገበያ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያስ? ፒያሳ የቀረ ሥራ ያለው ሰው አሁን ቀኑን የሚጀምረው ገና ጎህ ሳይቀድ ከታክሲ ሰልፍ ነው።